ሳያመው የታመመው መምህር

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ የተከበራችሁ የብቸና የሀገር ሽማግሌዎች፣ እናቶቻችን፣ ጎህ ሲቀድ ከሞጣ ተነሥታችሁ የመጣችሁ መምህራን፣ የዕድር ሰዎች፣ ተማሪዎቻችን፦ ለለቅሶ የወጣ እግራችሁን እግዚአብሔር ለደስታም ያውጣው። እማሆይ ወለተ ኢየሱስ፣ እርስዎ መሬት ተቀምጠው እኔ ቆሜ ስናገር በድፍረት አይቁጠሩብኝ። ብሩክታይት፣ እኅቴ፣ እስከዳርን ወደ ጥላው አስጠጊያት፤ ፀሐዩ ጠንክሯል።

ተናገር ተባልኩ። ምን ብዬ ልናገር? አፈሩ ገና አልደረቀም። ሰው በጓደኛው መቃብር ላይ ቆሞ ምን ይላል? አጽናና ተባልኩ። እኔ ማንን አጽናናለሁ? እኔን ራሴን ማን አጽናናኝ?

ለማታውቁኝ፣ ወንደሰን እባላለሁ። ሞጣ ላይ ከየኔሰው ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። እሱ ስፖርት፣ እኔ ባዮሎጂ። ትውልዴ ወሎ ነው። ሞጣ ስመደብ የማውቀው አንድ ሰው አልነበረኝም። ከመኪና ወርጄ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ወዴት እንደምሄድ ሳስብ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ረጅም ሰው መጣና አዲሱ መምህር አንተ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ነኝ አልኩት። ሻንጣዬን አነሣና መንገድ ጀመረ። ወዴት ነው አላልኩትም፤ ተከተልኩት። ቤቱ ወሰደኝ። ብሩክታይት እግዜር ይስጣትና ማን ነው፣ ከየት ነው ሳትል ምሳ አቀረበችልኝ። የራሴን ቤት እስካገኝ እነሱ ዘንድ ከረምኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስከተለው ኖርኩ። ሜዳ ሲወጣ ተከተልኩት። ሐኪም ቤት ሲሄድ ተከተልኩት። ዛሬም ተከትዬው እዚህ ደረስኩ። ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ ግን ለእሱ ብቻ ነው።

እማሆይ ስሙን ሲያወጡ የኔሰው አሉት። ሞጣ ደግሞ የለም፣ የኔ ሰው ነው አለች። ብቸና ወለደችው፤ ሞጣ ዳረችው፣ አስተማረባት፣ ልጅ ወለደባት። ይኸው ዛሬ ሁለቱ ከተሞች በአንድ ስም እየተጣሩ ያለቅሳሉ።

ምን ዓይነት ሰው ነበር? ያችን ጨዋታ ታስታውሳላችሁ። እዚህ ከቆማችሁት ግማሻችሁ ሜዳው ዳር ነበራችሁ። ብቸናና ሞጣ ተገናኙ። ከደብረ ማርቆስ ይመጣል የተባለው ዳኛ ቀረ። ማን ያጫውት ሲባል የኔሰው ያጫውት ተባለ። ሞጣዎች የብቸና ልጅ እንዴት ይዳኘናል ብለው አጉረመረሙ። ብቸናዎችም የሞጣን ደመወዝ እየበላ እንዴት ለእኛ ያዝናል ብለው አጉረመረሙ። የብቸና በረኛ ማን ነበር? ይኸው፣ እዚህ የቆመው ታናሽ ወንድሙ ምንይሉ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ምንይሉ የሞጣን አጥቂ ጠልፎ ጣለው። አቧራ ነበር፤ ግርግር ነበር። ብዙ ሰው አላየም። የመስመር ዳኛውም ባንዲራውን አላነሣም። የኔሰው ግን አየ። ፊሽካውን ነፋ። ጣቱን ወደ ፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ ቀሰረ። ምንይሉ እየሮጠ መጣና «ወንድምህ እኮ ነኝ» አለው።

«ቤት ወንድሜ ነህ። እዚህ በረኛ ነህ።»

ሞጣ አገባች፣ ብቸና ተሸነፈች። ምንይሉ አኮረፈ። ለፋሲካ ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ገበታ ቀርበው አይነጋገሩም ነበር። በመጨረሻ እማሆይ ሁለቱንም ጠሩና ምንይሉን ጥለኸዋል ወይስ አልጣልከውም ብለው ጠየቁት። ምንይሉ አንገቱን ደፍቶ ጥዬዋለሁ አለ። ታዲያ ወንድምህ ምን ያድርግ፣ ዓይኑን ያውጣ? አሉት። በዚያው ታረቁ። ምንይሉ፣ እያለቀስክ ትስቃለህ። እኔም እንደዚያው ነኝ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልሂድ። ልዘለው ወድጄ ነበር። እሱ ግን አደራ ጣለብኝ። እንዴት ሞተ ሲሉህ ታሞ ሞተ ብለህ እንዳታልፈው አለኝ። በምን እንደታመምኩ ንገራቸው፤ መቃብሬ ላይ ንገራቸው፤ ያን ጊዜ ሰው ይሰማል አለኝ። እንግዲህ አባቶቼ፣ በዚህ ቅዱስ ስፍራ ይህን ቃል ማንሣቴን ይቅር በሉኝ። የኔሰው ደም ሸና።

ዐቢይ ጾም ነበር። ጾም ሲሆን ቀይ ሥር የማይቀቀልበት ቤት የማን ነው? ሽንቱ ቀላ። ቀይ ሥሩ ነው አለ። ለእኔም ነገረኝ፤ የብሩክታይት ቀይ ሥር ውስጤን ሁሉ ቀለም ነከረው ብሎ ቀለደ። ተሳሳቅን። በእርግጥም ቀይ ሥር ሽንት ያቀላል፤ ይህ ውሸት አይደለም። በማግሥቱም ቀልቶ ነበር። ከዚያ ጠራ። አላመመውም። አንድም ቦታ አላመመውም። ያላመመውን ሰው ማን ሐኪም ቤት ሂድ ይለዋል?

ፋሲካ አለፈ። ቀይ ሥሩ ቀረ። ሐምሌ ላይ ደሙ ተመለሰ። አሁን የረጋ ደምም ነበረበት። የሚያሳብበው ቀይ ሥር አልነበረም። ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ተባለና እንክብል ተሰጠው። ዋጠ። ደሙ ቆመ። ዳንኩ አለ። እኛም ተመስገን አልን።

ደሙን ያቆመው እንክብሉ ነበር? አልነበረም። ወገኖቼ፣ ይህን ስሙኝ። ይህ ደም እንዲህ ነው፤ በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ሲሄድ ሰው ዳንኩ ይላል። ያመጣው ነገር ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም። በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ኩላሊት እሥላለሁ። ሁለት ናቸው። ከጎድን አጥንት ግርጌ፣ ወደ ጀርባ ተለጥፈው፣ ከአንጀት ኋላ ተሸሽገው የተቀመጡ ናቸው። በአንዱ ላይ እብጠት ቢበቅል ዓይን አያየውም፣ እጅም አያገኘውም። ሌላው ኩላሊት የጓደኛውን ሥራ ደርቦ ይሠራል። ደም ቢመረመር ኩላሊትህ ደህና ነው ሊባል ይችላል። ሰውየው ይበላል፣ ይሮጣል፣ ይስቃል። አላመመውም። የኔሰውን የገደለው አለማመሙ ነው።

ከመስቀል በኋላ ጎኑን በግራ በኩል ይከብደው ጀመር። ህመም ነው ወይ ስለው፣ የለም፣ የሆነ ነገር የተሸከምኩ ይመስለኛል ይለኝ ነበር። ሌሊት ያልበዋል፣ ቀን ይደክመዋል። ተማሪዎቻችን፣ እናንተ ምስክር ናችሁ፤ ከፊታችሁ ይሮጥ የነበረው ሰው እናንተን አሩጦ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ብሩክታይት ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳችለት። ብዙም ሳይቆይ ሌላ በሳች። ያን ጊዜ ካልተመረመርክ ለእናትህ እነግራለሁ አለችው። ከእማሆይ በስተቀር የሚፈራው አልነበረውም። ሄደ።

ሞጣ ላይ አንዲት ወጣት ሐኪም አልትራሳውንድ አነሣችው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። መሣሪያውን በጎኑ ላይ አንድ ቦታ ደጋግማ አመላለሰች። የኔሰው ተማሪ ሲዋሽ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ፊቷን አይቶ ነገሩን ተረዳ። በግራ ኩላሊቱ ላይ እብጠት እንደሚታያት፣ ውኃ የቋጠረ ቢሆን ደስ እንደሚላት፣ ግን ጠጣር እንደሆነ ነገረችው። ሲቲ ስካን ያስፈልጋል፣ ባሕር ዳር ይሂዱ፣ ደግሞም ፈጥነው ይሂዱ አለችው።

ፈጥኖ ይሂድ። በምን ይሂድ? መንገዱ ተዘግቶ ነበር። እንዴት እንደነበር ታውቃላችሁ፤ መኪና አይወጣም፣ መኪና አይገባም። በየጠዋቱ ቦርሳውን አንግቦ መናኸሪያ ይወጣል። ከሌሎች መንገደኞች ጋር ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ዛሬም የለም ይባላል። ይመለሳል። እንዲህ እያለ ሳምንታት ሄዱ። ጥፋቱ የማን ነው ብዬ ለመዳኘት አልቆምኩም፤ ይህ የቀብር ቦታ ነው። በሽታ ግን መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። እኛ መናኸሪያ ስንቆም እሱ ይራመድ ነበር። ከሞጣ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ ማን አስቆማችሁ? ማንም። ወንበር እየመረጣችሁ ተሳፍራችሁ ደረሳችሁ። ለቀብሩ የተከፈተ መንገድ ለሕክምናው ጊዜ ምነው ተዘጋ? ማንን ልጠይቅ? ማን ይመልስልኛል?

መንገዱ ሲከፈት ባሕር ዳር ገባን። ሲቲ ስካኑ ተነሣ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈለት። ምንይሉ ደጀን ላይ ተቀላቀለንና ዓባይን አብረን ተሻገርን። የኔሰው በመስኮት ቁልቁል ሸለቆውን እያየ ሄደ።

ሐኪሙ ሊያነጋግረን ሲጠራን ምንይሉ ቀድሞ ገባ። እኛ ዘንድ እንዲህ አይደል ልማዳችን? ለበሽተኛ ክፉ ወሬ አይነገርም። ምንይሉ እጅ ነሣና እባክዎ ዶክተር፣ የኩላሊት ጠጠር ነው በሉት፣ ካወቀ ይሰበራል ብሎ ለመነ። በሩ አልተዘጋም ነበር። የኔሰው ሰምቶ ገባ። አልተቆጣም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ምንይሉ፣ ለአንተ አላዳላሁልህም፤ ለእኔም አታዳላልኝ። ዶክተር፣ ልክ ልኩን ይንገሩኝ።»

ሐኪሙም ነገረው። የኩላሊት ካንሰር ነው አለው። እብጠቱ ከኩላሊቱ አልፎ ወደ ደም ሥሩ ገብቷል፤ ሳንባው ላይም ነጠብጣቦች ይታያሉ አለው። የኔሰው ምን አጥፍቼ ነው አለ። ሲጋራ በአፌ አልዞረ፣ መጠጥ አላውቅ፣ ዕድሜዬን ሁሉ ስሮጥ ነው የኖርኩት አለ። ሐኪሙ ሲጋራ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትና የደም ግፊት ያባብሱታል፤ አንዳንዱም በዘር ይመጣል፤ ግን አንዱም የሌለበትን ሰው ሲይዝ በየጊዜው አያለሁ አለው። የጥፋት ቅጣት አይደለም አለው። ሕክምናውንም አስረዳው። ካንሰር ሲባል ሰው የሚያውቀው ፀጉር የሚያረግፈውን መርፌ ነው፤ ያ መርፌ ለዚህኛው ብዙም አይበጅም። ካንሰሩ ከኩላሊቱ ሳይወጣ ከተገኘ ዋናው መድኃኒት ቀዶ ማውጣት ነው። ትንሽ ከሆነ ያበጠውን ብቻ ቆርጦ ኩላሊቱን ማትረፍም ይቻላል፤ ኩላሊቱ ሙሉውን ቢወጣም ሰው በቀረው በአንዱ ይኖራል፤ ብዙዎችም ድነው ቤታቸው ይገባሉ። ካንሰሩ ከኩላሊቱ ከወጣ ግን እብጠቱን የሚመግቡትን የደም ሥሮች የሚያደርቅ እንክብል አለ፤ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃ፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትም አለ። ይህን ሁሉ ቀስ ብሎ አስረዳው። የኔሰው አዳመጠና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ያድናል ወይስ ያቆያል?»

«ያቆያል።»

እግዜር ይስጥልኝ አለና ተነሥቶ የሐኪሙን እጅ ጨበጠ። ደረጃውን ስንወርድ ምንይሉ ግድግዳ ይዞ አለቀሰ። የኔሰው ወንድሙን ደግፎ አወረደው። በሽተኛው ጤነኛውን ደግፎ ሲያወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ።

ኩላሊቱ ወጣ። ከሆዱ የወጣው እብጠት ቡጢ ያህል ነበር። ወደ ላቦራቶሪ ተላከና ሐኪሙ ያለው እውነት ሆኖ ተመለሰ። ቁስሉ ሲጠግ እንክብሉን ጀመረ። ሞጣ ተመለሰ። ሥራውንም ጀመረ፤ ወንበር ሜዳ ላይ አስወጥቶ ተቀምጦ ያስተምር ነበር።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን የሞጣ ሰው ያውቃል፤ ብቸናዎች ግን ስሙ። እሑድ ዕለት የዕድር ስብሰባ ነበር። ስለ ድንኳኑ ተነጋገርን፣ ስለ ወንበሩ ተነጋገርን። ሊበተን ሲል የኔሰው እጁን አወጣ። ተነሥቶ ለመቆም ሊጠይቀው የመጣው የምንይሉ ትከሻ አስፈለገው። ሸሚዙን ወደ ላይ ገልቦ የተሰፋ ጎኑን ለሕዝቡ አሳየ። ሽንቱ ደም የሆነ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እናቶች በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ጎረምሶች ሳቁ። የኔሰው አልሳቀም።

«አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም፣ ባያማችሁም፣ ቢቆምም፣ ሂዱና አልትራሳውንድ ተነሡ። እኔን ሳያመኝ ነው የገደለኝ።»

የገደለኝ ነው ያለው። ቆሞ እየተናገረ የገደለኝ አለ። ያን ጊዜ የሳቀ ሁሉ ሳቁን ዋጠ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት ነበሩ። መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል። ዛሬ ጠዋት ፍትሐቱን ያደረሱት፣ አሁን እዚያ መቋሚያቸውን ተደግፈው የቆሙት። ይህን እንድናገር ራሳቸው ፈቅደውልኛል። በዚያው ሳምንት መሪጌታ የየኔሰውን ቤት አንኳኩ። ብሩክታይትን ልጄ እስቲ አንዴ ውጪልን አሏት። ከዚያ እኔም አይቻለሁ አሉት። ቅኔ አስተማሪ ሰው እንዴት ብሎ ይህን ለተማሪው፣ ለጎረቤቱ ይናገራል? በልባቸው ይዘውት ከርመዋል። ጠበል ጠጥተውበታል፣ ጸልየውበታል፣ ለሐኪም ግን አላሳዩትም። የኔሰው ጠበሉን ይተዉ አላለም። ጋቢውን ለበሰና ይነሡ አባ፣ አሁን እንሂድ አላቸው። ራሱ መራመድ እያቃተው እሳቸውን እየመራ ወሰዳቸው።

እብጠት ተገኘባቸው። ግን ከኩላሊቱ አልወጣም ነበር። ደም ሥር አልገባም፣ ሳንባ አልነካም። ኩላሊቱ ወጣላቸው። እንክብል አላስፈለጋቸውም፤ ለክትትል ብቻ ይመላለሳሉ። ይኸው ቆመዋል። ዛሬ ሲፈቱት ድምፃቸው እየተቆረጠ ዲያቆናቱ ሲቀበሏቸው ሰምታችሁ ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን አወቃችሁ።

እኔ ግን እውነቱን ልናገር። ሰው ሁሉ ይኸው አንድ ነፍስ አድኗል እያለ ያጽናናኛል። መሪጌታ ይቅር ይበሉኝ፤ እርስዎ በመትረፍዎ ደስ ይለኛል። ግን አንዱ ስለተረፈ የሌላው ሞት ይቀላል? የእስከዳር አባት ስንት አባት ነው? ሌላ አላት? አይቀልም። አልቀለለልኝም።

ስለ እንክብሉ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሠራ። የሳንባው ነጠብጣቦች አነሱ ሲባል ብሩክታይት እልል አለች። ዋጋውን ግን ከሥጋው አስከፈለው። መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቆስለው ጫማ ማድረግ አቃተው። አፉ ቆስሎ በርበሬ ያለበት ነገር መቅመስ ተሳነው። ፂሙ ነጣ። የራሱ ፀጉር ነጣ። እንደ እርጅና ቀስ ብሎ አይደለም፤ ጥቁር የነበረው ሁሉ እንደ ጥጥ ሆነ። መድኃኒቱ ነው ያነጣው። በዓመቱ ለገና ብቸና ሲመጣ እማሆይ በር ላይ ቆመው አዩት። መጀመሪያ አላወቁትም። ከዚያ ቀረብ ብለው ፂሙን በእጃቸው ዳሰሱ። ልጄ፣ እኔን ቀድመህ አረጀህ አሉት። የእማሆይ ሽበት ከልጃቸው ሽበት ያነሰ ነበር።

ቀጥሎ ደግሞ እንክብሉ ጠፋ። ፋርማሲው የለም አለ። አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆች ፈለጉ፤ የለም አሉ። ከውጭ ይዞልን የሚመጣ ሰው ተገኘ፤ መድኃኒቱ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ። በዓለም ላይ አለ፤ ሞጣ ላይ የለም። ተሠርቷል፤ ታሽጓል፤ አንድ ሰው ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የኔሰው እጅ ግን አልደረሰም። ሲደርስ በሽታው አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። በየዕለቱ ዋጠው። በሽታው ከእንግዲህ መድኃኒቱን አይሰማም አለ ሐኪሙ በስልክ። ሕመሙን ማስታገስ ላይ እናተኩር አለ።

ያን ጊዜ አመመው። ያ ሁሉ ጊዜ ያላመመው ሰው አመመው። ጀርባውን አመመው፣ ጭኑን አመመው። ትራስ ቢደራረብለትም ለእሱ ማረፊያ አልተገኘም። ብቸና ውሰዱኝ፣ እናቴ ቤት ውሰዱኝ አለ። አመጣነው። እማሆይ ከመደባቸው ወርደው መሬት ተኙ፤ መደቡን ለእሱ ለቀቁለት።

ጀግና ነበር እንድል ትፈልጉ ይሆናል። ጀግና ነበር። ግን ፈራ። አለቀሰም። የቅዳሜ ገበያ ዕለት ከሰዓት በኋላ እኔና እሱ ብቻችንን ነበርን። ውጭ ሰው እያወራ፣ አህያ እየነዳ ያልፋል። የኔሰው ያን ድምፅ እያዳመጠ እጄን ያዘኝ።

«ወንደሰን፣ እኔ እኮ መኖር እፈልጋለሁ።»

ምን ልመልስለት? ትኖራለህ ልበለው? ለማንም የማያዳላን ሰው እንዴት ልዋሸው? ትሞታለህ ልበለው? እሱንም ያውቀዋል። ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ፣ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ለዚያ ቃል መልስ ግን የትም አላነበብኩም። እጁን ያዝኩ። ውጭ ያለው ሰው ማለፉን ቀጠለ። አሁንም ያ ቃል ጆሮዬ ውስጥ አለ። መኖር እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልጠየቀም። ይህ ብዙ ነበር? ይህ ለአንድ ሰው የማይሰጥ ነገር ነበር?

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። እማሆይ ራሱን ይዘው፣ ብሩክታይት እግሩን ይዛ፣ ረፋድ ላይ ሄደ። ምንይሉ በር ላይ ነበር። አልገባም። መግባት አልቻለም።

ብሩክታይት፣ ለአንቺ የምለው የለኝም። የሠራሽውን ሁላችንም አይተናል። እስከዳር፣ የኔ ልጅ፣ አባትሽን ሰዎች ሁሉ ጠንካራ ነበር ይሉሻል። እውነት ነው። ግን ከሁሉ በላይ አንቺ ስትጫወቺ አይቶ አይጠግብም ነበር፤ ሕመሙ ሲበረታበት እንኳ መጋረጃውን ክፈቱልኝ ይለን ነበር፤ አንቺን በግቢው ውስጥ ለማየት። ይህን ያዢ።

ወገኖቼ፣ ይበቃኛል። የሰማችሁትን ይዛችሁ ሂዱ። ያየ ሰው አይደብቅ። የደበቀውን ዘመድ ያወቀ ዝም አይበል። ከዚህ በላይ የኔሰው ያዘዘኝ የለም።

አሁን ወደ አንተ ልዙር።

የኔሰው፣ ወንድሜ። ስንብት አላውቅበትም። ካንተ ጋር ስንለያይ ነገ እንገናኝ ነበር የምንባባለው፤ ሌላ ቃል አልተለማመድንም። ሥጋህ ብዙ ደክሟል፤ ከዚህ በኋላ መርፌ የለም፣ ስፌት የለም፣ መናኸሪያ ቆሞ መጠበቅ የለም። የፈጠረህ አምላክ የደከመችውን ነፍስህን በብርሃን ቦታ ያሳርፍልን። እኛ ግን አላረፍንም። እንዴት እንደምናርፍም አላውቅም።

ከመምጣታችን በፊት፣ ዛሬ ጠዋት፣ ሬሳህ ከቤት ሳይወጣ እናትህ በእጃቸው ጠቀሱኝ። ጆሮዬን ወደ አፋቸው አቀረብኩ። ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። አንተ ስትናገር ይሰማሃል፤ እኔ ብናገር አልጨርሰውም፤ አንተ ንገርልኝ አሉኝ። ይኸው እንዳሉኝ፣ ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ፦

«እኔን መቅበር ያንተ ነበር። ተራዬን ወሰድክብኝ በለው።»

ነግሬሃለሁ፣ የኔሰው። ደህና ሁን።